ስሙ የማይጠየቅ በሽታ

እዚህ አገር ሰው ሲወፍር ማንም አይደነግጥም። «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ይባልና ይታለፋል። የከሳ እንደሆነ ግን ጉዱ ፈላ። ጎረቤት ይንሾካሾካል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ታክሲ ውስጥ የተገናኘ የድሮ ባልደረባ እንኳ ከላይ እስከ ታች አይቶ «ምነው፣ ምን ነካህ?» ይላል። አፀደ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ኮተቤ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ይህን ካላወቀች ምን ልታውቅ ኖሯል? ነገሩ ግን የተጀመረው በሐኪም ነው፤ በሐኪም የተጀመረ ነገር ደግሞ ማን ይከለክለዋል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነው። የሚሌኒየሙ ሆይ ሆይታ አልፎ ሰው ከፈረቃ መብራት ጋር የተፋጠጠበት ዓመት። ጥቅምት ላይ እግሯን ማታ ማታ እያቃጠላት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ሚዛን ላይ አቆማትና ዘጠና ስድስት ኪሎ አነበበ። «እናቴ፣ ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ቆሟል» አላት። «ከተሻገረ መመለሻ የለውም። አሥራ አምስት ኪሎ ይቀንሱ። በእግርዎ ይሂዱ፣ ላብ ያውጡ።» እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት ምን ኪሳራ አለው?

በማግስቱ ማለዳ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ አስፋልት ዳር ወጣች። ሁለት መቶ ሜትር ሳትራመድ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ማን አባረረሽ? ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ወደ እንጦጦ የሚወጡት ሯጮች ቱታቸውን ለብሰው በጎኗ ሽው ሲሉ እሷ እዚያው የቆመች መሰላት። በሦስተኛው ቀን ቀረች። ከሳቁ ይልቅ ግን የፈራችው ሌላ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት፣ በዚያ ላይ የጸሎት ቤት ሰው፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ሰውነቷን ስታሳምር ብትታይ «ልታገባ ነው» ከመባል ማን ያድናታል? ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጸሎት ቤት ይደርሳል።

መፍትሔው የመጣው ከድሮ መሥሪያ ቤቷ ነው። አብራት ጸሐፊ የነበረች ሴት ደውላ፣ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ዕቃውን እየሸጠ እንደሆነ ነገረቻት። ፍሪጅ አለ፣ የሕፃን አልጋ አለ፣ የመሮጫ ማሽንም አለ። አፀደ ሌላውን አላየችም። ማሽኑን ገዝታ በፒካፕ አስጭና መጣች።

ከመኪናው አውርዶ መኝታ ቤቷ ድረስ ያስገባላት፣ ከበሯ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከድር ነው። ከሾፌሩ ጋር ተሸክሞ ካስቀመጠው በኋላ ላቡን ጠርጎ ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እትዬ አፀደ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መሮጫ ነው።»

«የት ለመድረስ?»

«የትም። እዚያው ነው የሚሮጥበት።»

ከድር ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሱቅ ውስጥ የምሠራውን ማለትዎ ነዋ» አለ። ከዚያ እሷ «አደራህን፣ ለማንም እንዳትነግር» ስትለው ፊቱ ኮስተር አለ። አደራ የሚባል ቃል ከድር ፊት የሚቀለድበት አይደለም። ለሚስቱም ሳይነግር ቀረ።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ፤ ያለ ቤቱ የአፀደ ነገር አይገባም። ባሏ አቶ ወንድይራድ ኮተቤ አስተማሪ ነበር። በሕይወት ሳለ ያ ቤት ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ተማሪ ይመጣል፣ የተማሪ ወላጅ ይመጣል፣ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ የጸሎት ኅብረቱ እዚያ ይሰበሰባል። አፀደ አሥራ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአንድ ትሪ አቅርባ እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር። ወንድይራድ በሞተ ሰሞን ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እህት አፀደን እንዳናስቸግራት» ተባለና ረቡዕ ወደ እታገኝ ቤት ተዛወረ። እታገኝ የኅብረቱ መሪ ነች፤ ደግ ሴት ነች፤ ክፋት አስባ አይደለም። ብቻ አፀደን የጠየቃት ሰው የለም። አለማስቸገር የሚባል ደግነት አለ፣ ሰውን በቁሙ የሚቀብር።

እታገኝ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደች። ሻይ ተቀዳላት፣ «ተጫወቺ» ተባለች። ባለቤት የነበረች ሴት እንግዳ ሆና ስትቀመጥ ወንበሩም አይመቻትም። ቀረች። ለምን ቀረሽ ያላት የለም፤ «ሐዘኑ ነው» ተባለላት። አንድ ልጇ ኤልቃና ሐዋሳ ሥራ ይዟል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ «በላሽ? ጉንፋኑ ተሻለሽ?» ይልና ካርዱ ያልቃል። ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ የቢሮው ወሬ እንኳ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ረቡዕ አሥር ሰዓት ሲሆን አፀደ ሳታስበው ወደ በሩ ታያለች። ሌላ ምንም አትመኝም ነበር። ረቡዕ ወደ ቤቷ እንዲመለስላት ብቻ።

እንግዲህ ማሽኑ የገባው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ደቂቃ ሄዳ ልቧ ልትወጣ ደረሰች፤ የእጅ መያዣውን እንደ ታክሲ ወንበር ጨምድዳ ይዛ «ጌታ ሆይ፣ አውርደኝ» አለች። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ደቂቃ ሆነ። አንድ ቀን መሐል ላይ መብራት ሄደና ማሽኑ ቀጥ ሲል በግንባሯ ግድግዳውን ልትደረምሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈረቃውን አጥንታ፣ መብራት ባለበት ቀን ማለዳ ትወጣበታለች። መዝሙር እየዘመረች ትሄዳለች፤ ትንፋሿ ሲያጥር መዝሙሩ በየአንቀጹ ይቆረጣል። ማሽኑ በየጊዜው ጢጥ ይላል። እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ በዚያ ቤት በቀን ውስጥ አፀደን ድምፅ አሰምቶ የሚያናግራት እሱ ብቻ ነበር። እሷም ትመልስለታለች። «እሺ ሰማሁ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረኝ» ትለዋለች።

እንጀራውን ቀነሰች፣ ስኳሩን ተወች። ገና ሲያልፍ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሆነች። መጋቢት ላይ ሰማንያ አንድ። እግሯ ማቃጠሉን ተወ፤ ሐኪሙም «ጎበዝ! እዚህ ላይ ያቁሙት» አላት። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም ይህን አላወራም ነበር።

የሆነው ሆነና፣ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እታገኝ ሰላም ስትላት እጇን ቶሎ አልለቀቀችም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሏል። እታገኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህት አፀደ፣ ደህና ነሽ ግን?» አለቻት።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች አፀደ።

ሌላ ምን ትበል? ጤነኛም ተመስገን ይላል፣ ሊሞት ያለም ተመስገን ይላል። እታገኝ የሰማችው ሁለተኛውን ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እታገኝና ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ወተት፣ ብርቱካን፣ ሁለት አምቦ ውሃ ይዘዋል። አፀደ ደንግጣም ደስ ብሏትም አስገባቻቸው። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ዘይት መወደድ ተወራ፣ ስለ ፈረቃው ተወራ። ስለመጡበት ጉዳይ ብቻ አልተወራም። አገራችን ውስጥ በሽታ ስሙ አይጠየቅም። በዚያ ዘመን ደግሞ የከሳ ሰው በሽታ ስሙ ጭራሽ አይጠየቅም፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን ይፈራዋል። ስለዚህ እታገኝ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንዲህ አለች፦ «ሐኪም ዘንድ... ትሄጃለሽ አይደል?»

«እሄዳለሁ። ያዘዘኝን እያደረግሁ ነው» አለች አፀደ።

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። አንደኛዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ያኔ ነው አፀደ የገባት። ሳቋም መጣ፣ እፍረቷም መጣ፤ «እህቶቼ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች። እታገኝ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ምንም እንዳትናገሪ። ጌታ ያውቀዋል። አንቺ አትድከሚ፤ ከነገ ጀምሮ እኛ እንመጣለን። ረቡዕ እዚህ ይሆናል።»

የአፀደ የተከፈተ አፍ ተመልሶ ተዘጋ። ኃጢአቷ ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልዋሸችም።

ረቡዕ መጡ። አሥራ አንድ ሰው። ዝናብ ያራሰው ጃኬት በየወንበሩ ተንጠለጠለ፣ ጫማ በር ላይ ተደረደረ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ብርጭቆ እያጠቡ ስለ አማቶቻቸው ይስቃሉ። አፀደ ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ!» እያሉ መልሰው ያስቀምጧታል። እታገኝ ካፖርቷን የምታኖርበት ስትፈልግ መኝታ ቤት ገብታ፣ ብርድ ልብስ የለበሰውን ማሽን መስቀያ መስሏት ሰቀለችበት። ዘመሩ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ጸለዩላት። አፀደ ከእነዚያ ሁሉ እጆች ሥር አጎንብሳ አፈረች፤ አፍራም ደስ አላት። እንዲያው ዝም ብሎ ደስ አላት። የሰው እጅ ራሷ ላይ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኗታል።

በየረቡዑ ከጎኗ የሚቀመጡት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጡት። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ይህንንም አይደብቁም። «ስኳሬ ዛሬ ተቆጥቶ ዋለ» ይላሉ፣ ስለ ግቢያቸው ውሻ እንደሚያወሩ። ጸሎታቸው አጭር ነው፤ የአፀደን እጅ ግን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው አሜን አይለቁም። መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነው።

ፋሲካ ደረሰ። የፋሲካ ነገር ይታወቃል፤ አፀደም ሰው ነች፣ በላች። በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ መለሰችና ፊቷ ሞላ አለ። ረቡዕ እታገኝ ገና ከበሩ ስታያት እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ፊትሽ ተመለሰ! ጌታ ሠራ!» ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሲጨርሱ እታገኝ ቦርሳዋን አንግታ «እንግዲህ ከተሻለሽ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ረቡዕን ወደኔ ብንመልሰው ምን ይመስልሻል? አንቺም ታርፊያለሽ» አለች።

«ይሁን» አለች አፀደ። ሲወጡ ግን በሩን ሳትዘጋ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ማሽኑ ላይ ነበረች። ማታም ወጣችበት። ሐኪሙ አቁሚ ያለውን ኪሎ አልፋ ወረደች፤ ራቷን ተወች፣ ቁርሷን በሻይ አደረገች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጤንነቱን የደበቀ ምን እንደሚሆን ግን የነገረን የለም። ግንቦት ሲያልቅ ፊቷ ገረጣ፣ የአንገቷ አጥንት ወጣ። ረቡዕም አልሄደም። እንዲያውም ሰኞና ዓርብ ተራ ወጥቶላት ሁለት ሁለት ሆነው ይጠይቋት ጀመር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ ስድሳ ዘጠኝ ሲል አፀደ ፈገግ አለች። አይፈረድባትም አልልም፤ ይፈረድባታል።

አንድ ቀን ሳሙና ልትገዛ ሱቅ ሄደች። ከድር ሳሙናውን አላነሳም።

«እትዬ አፀደ፣ ሐኪሙ ስንት ይቀንሱ ነበር ያለዎት?»

«አሥራ አምስት።»

«አሁን ስንት ሆነ?»

አፀደ ሳሙናውን በጣቷ አመለከተች።

«ሚስቴ ትናንት ‹እትዬ አፀደ ሊሞቱብን ነው› ብላ አለቀሰች። አደራዎን ጠብቄ አልነገርኳትም። አደራ ግን ሰው ለማስለቀስ ነው እንዴ?»

አፀደ ሳሙናውን ሳትወስድ ተመለሰች። ተናዳበት ነበር፤ እውነት የነገረን ሰው ላይ መናደድ ልማዳችን ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ እታገኝ ከጸሎቱ በኋላ ተነስታ ቆመች። «ወገኖች፣ እህታችንን እያያችኋት ነው» አለች። «በሚመጣው ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሦስት ቀን፣ እንደ አስቴር እንጾማለን። ምግብ የለም፣ ውሃ የለም። ረቡዕ ማታ እዚሁ ተሰብስበን እንፈታለን።» ሁሉም አሜን አለ። አንዱ ወደ እትዬ ብርቄ ዞሮ «እርስዎ ግን ይቅርብዎ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ» አላቸው።

እትዬ ብርቄ የአፀደን እጅ እንደያዙ «ይህችን ልጅ ቁጭ ብዬ በልቼ ልቀብራት ነው እንዴ?» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

መናገር የነበረባት እዚያ ላይ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። «ነገ ለእታገኝ ደውዬ እነግራታለሁ» አለች በልቧ። ነገ ሆነ። ከነገ ወዲያ ሆነ። እሑድም አለፈ። ሰኞ ጾሙ ተጀመረ፤ አፀደም አብራ ጾመች፣ እንዲያ ስታደርግ የሚቀልላት መስሏት።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እታገኝ ነች፣ ከቢሮ።

«እህት አፀደ፣ እትዬ ብርቄ ጋ አሁን ደውዬ ነበር። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚሉት አይያያዝም። ኪኒናቸውን በባዶ ሆድ ውጠዋል መሰለኝ። ብሉ ብላቸው ‹ጾሜን አልፈታም› ብለው ዘጉብኝ። ከሥራ ለመውጣት እያስፈቀድኩ ነው፤ አንቺ በጸሎት አግዢን።»

አፀደ ስልኩን መልሳ ማስቀመጧን አታስታውስም። ስለ ስኳር ሐኪሙ የነገራትን ታውቃለች፤ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሰው ይገድላል። ታክሲ አገኘች። ሾላ ጋ ሳይደርሱ ለግንባታ የተቆፈረው መንገድ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል። ረዳቱ «ከዚህ በኋላ አይንቀሳቀስም» አለ። ወረደች። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወደ ላይ ዳገቱን አየች፤ ከዚያ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች።

ስምንት ወር አንድ ቦታ ላይ የሮጠ እግር ዳገት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ባያችሁ። በጉልት ሻጮቹ መሐል፣ በየካ ሚካኤል አጥር ሥር፣ ባሕር ዛፉ ወደጀመረበት ቀጭን መንገድ፤ ሰው ሌባ የምታባርር መስሎት መንገድ ለቀቀላት። የብርቄን ቤት አታውቀውም። «እትዬ ብርቄ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት» እያለች ሦስት ቤት ጠየቀች። ሦስተኛው ቤት «ከላይ፣ ሰማያዊዋ ቆርቆሮ በር» አሏት።

በሩ አልተቆለፈም ነበር። እትዬ ብርቄ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እሷን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። አፀደ ጓዳ ገብታ ስኳር አገኘች፤ በውሃ በጥብጣ አምጥታ ከንፈራቸው ላይ አደረገች። አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔ አልታመምኩም፣ እትዬ ብርቄ። አልታመምኩም። ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ በማሽን እየሮጥኩ ነው የከሳሁት። መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው ያለው። አሁንም ከሾላ ድረስ ሮጬ ነው የመጣሁት። ይዩኝ።»

አዩዋት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች፤ ትንፋሿ ግን ተመልሷል። ሊሞት የቀረበ ሰው ያንን ዳገት ሮጦ አይወጣም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እትዬ ብርቄ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ሌላም በጥብጣ ሰጠቻቸው። ዳቦ ቆርሳ በሻይ እያራሰች አበላቻቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ተዋቸው፣ ፊታቸውም ቀለም አገኘ። አፀደ እዚያው መሬት ላይ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

እትዬ ብርቄ ባዶውን ብርጭቆ አጠገባቸው አኖሩ። «ለምን?» አሉ።

«ብነግራችሁ ትመጡ ነበር?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረ። የሦስት ዓመት ቁጣ ነው። ማንም መልስ እንደማይኖረው ታውቃለች፤ ስምንት ወር ሙሉ ራሷን ይቅር ስትል የኖረችው በዚያች ጥያቄ ነው።

እትዬ ብርቄ ግን አልተቆጡም። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ቤቴን እንዴት አገኘሽው?» አሉ።

«ሰው ጠይቄ።»

«አዎ፣ ጠይቀሽ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ኅብረት አብረን ስንጸልይ፣ ይህን ደጅ ዛሬ ነው የረገጥሽው። ዳገት ላይ ነኝ፣ ሩቅ ነኝ፣ አልፈርድብሽም። ግን አንቺም ንገሪኝ፤ እኔ ዛሬ ባልታመም ኖሮ ትመጪ ነበር?»

አፀደ ሰማያዊውን በር ዞራ አየች። ረቡዕ በቤቷ በነበረበት ዘመንም፣ ከሄደባት በኋላም፣ በሯን ስታይ ኖረች እንጂ ከበሯ ወጥታ ወደ ሰው በር መሄድ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ይህን ማወቅ ከውሸቱ ይልቅ አሳፈራት።

እታገኝ ስትደርስ አፀደ በር ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻት። እታገኝ ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ የሳቀች መሰለ፣ ከዚያ ፊቷ ተዘጋ። ሁለት ቀን ያልቀመሰ ከንፈሯ ደርቋል። «ጌታ ይባርክሽ» አለችና አልፋት ወደ ውስጥ ገባች። አፀደ ያንን ምርቃት እንዲህ ቀዝቅዞ ሰምታው አታውቅም።

ረቡዕ አፀደ ቤቱን ጠርጋ፣ ምግብ ሠርታ፣ አሥራ አንድ ሳህን ደርድራ ጠበቀች። እንደማይመጡ ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ጠበቀች። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ዝናቡ መጥቶ ቆመ። ለጤነኛ ሰው ሁለት ቀን ተርበው የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ አልፈረደችባቸውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳህኖቹን አንድ በአንድ መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባች፤ ሠርታ ያቀረበችውንም ለከድር ልጆች ላከች። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጨለማውን ስታይ አመሸች። ያን ማታ እንደዚያ ብቸኛ የሆነ ሰው ኮተቤ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

ሐሙስ ጠዋት መብራት ነበረ። ማሽኑ ላይ አልወጣችም። እንቁላል ጠብሳ በዳቦ በላች፣ ጫማዋን ከደረቀ ጭቃ አራገፈች፣ በሯን ቆልፋ ወጣች። ሁለት ታክሲ ያዘች። ዳገቱን በእርጋታ ነው የወጣችው፤ የሚያስሮጣት ነገር አልነበረም።

እትዬ ብርቄ ሰማያዊውን በር ገርበብ አድርገው ሲያዩዋት ደነገጡ።

«ምነው? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እርስዎስ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ስኳሬም ደህና አደረ።»

«እንግዲያው ዝም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች አፀደ።

እትዬ ብርቄ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ሰው ዝም ብሎ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የረሱ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞረው አዩ፤ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሌላ ወንበር ሊፈልጉ ወደ ውስጥ ገቡ።